የማን አገር ነው?

እናቴ ሜልቦርን የመጣችው ልታርሰኝ ነበር፤ 2016 መገባደጃ ላይ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ ቤት ተዘግቶ መዋሉ ሰልችቶን አንድ ቀን ሦስታችንም መሀል ከተማ ወጣን። ፌዴሬሽን አደባባይ ስንደርስ ፀሐዩ እያለ ዝናቡ ወረደብን። የሜልቦርን ሰማይ እንዲህ ነው። የልጅቷን ጋሪ እየገፋን ባገኘነው በር ዘው አልን። የቪክቶሪያ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ነበር።

ገባ ብለን አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ራሳችንን አገኘነው። ግድግዳው በሙሉ ቀለም ነው። ሮዝ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ዐይን የሚወጋ ሰማያዊ። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። አንዳንዱ ሸራ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ርዝመቱ የሳሎኔን ግድግዳ ያህላል። እናቴ ከአንዱ ፊት ቆመችና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «ዲቢርዲቢ ካንትሪ» ይላል። «ዲቢርዲቢ የሚባል አገር ማለት ነው» አልኳት።

«የማን አገር ነው?» አለች።

ልጅቷ መነጫነጭ ጀምራለች፤ እኔ የማጠባበት ጥግ እየፈለግሁ ነው። «የማንም አይደለም እማዬ፣ ዝም ብሎ ቀለም ነው» አልኳትና ጋሪውን ገፋሁ። ዞር ስል እናቴ አልተከተለችኝም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አድርጋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ የሚናገር ሰው ፊት የቆመች ይመስል ቀጥ ብላለች። ትንሽ ቆይታ መጣች። ስለ ሥዕሉ ዳግም አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም።

እናቴ አገሯ ተመለሰች፣ ልጄም አደገች። ያቺ «የማንም አይደለም» ያልኩት ግን ቆዳ ውስጥ ተሰብራ እንደ ቀረች እሾህ ነበረች። በነካኋት ቁጥር ትጠዘጥዘኛለች።

ልጄ ያመጣችው ቃል

እዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲሰበሰቡም ሆነ ስብሰባ ሲከፈት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱ ቀደምት ባለቤቶች ስም ይጠራል፣ ለሽማግሌዎቻቸው ክብር ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «የምንኖረው የኩሊን ሕዝቦች ካንትሪ ላይ ነው፤ የኛ ካንትሪስ የት ነው?» አለችኝ።

«ኢትዮጵያ ነዋ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እሱማ ትልቅ ነው። የኛ የቱ ጋ ነው?»

ምሥራቅ ጎጃም፣ አያትሽ ያለችበት፣ አልኳት። ምን ምን አለበት አለችኝ። ወንዙን ነገርኳት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ነገርኳት፣ የአያቷን ቤት ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የምጨምረው አለቀብኝ። ልጅነቴን ሙሉ የሮጥኩበት ቦታ በሦስት ነገር አለቀ። እናቴ በጋለሪው ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ የዚያን ቀን ተመልሶ መጣ፤ በልጄ አፍ።

ካንትሪ የሚለውን ቃል እኛ ስንማረው ካርታና ባንዲራ ያለው፣ ፓስፖርት የሚሰጥ ነገር ነው። የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች ግን ያንኑ የእንግሊዝኛ ቃል ወስደው ሌላ ነገር አሸክመውታል። ካንትሪ ሲሉ መሬቱም ውሃውም ነው፤ ዓሣውም ነፋሱም ነው፤ እዚያ ያለፉት አያቶችና ገና የሚወለዱት ሁሉ ናቸው። ይናፈቃል፣ ይታመማል፣ ሲመለሱበት እንደ ሰው ሰላም ይባላል። ይህን ሳነብ «ይሄማ የእናቴ አገር ነው» አልኩ። እናቴ «አገሬ ልግባ» ስትል አውሮፕላን የሚያርፍበትን አዲስ አበባን ማለቷ አይደለም። አገሬ የምትለው በግማሽ ቀን በእግር የሚዳረስ ነው። በዚያ ውስጥ ስም የሌለው ቁራጭ መሬት የለም። «ዋንዛው ሥር» አለ፣ «ጭንጫው» አለ፣ «የመሪጌታ ማሳ» አለ። መሪጌታው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማሳው ግን ዛሬም የእሳቸው ነው። እንዲህ አድርጋ መሬትን ለምታውቅ ሴት «ዲቢርዲቢ አገር» ብሎ ጽፎ የማን እንደሆነ ዝም ማለት ጎደሎ ነገር ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ነበረች። የተማርኩት እኔ ነኝ መልሱን የዘጋሁባት።

ስሟ ውስጥ ያለው ቦታ

ልጄን እያስተኛሁ ሌሊት ሌሊት ስለ ሠዓሊዋ ማንበብ ያዝኩ። የዓለም ጋለሪዎች ሳሊ ጋቦሪ ይሏታል። ሙሉ ስሟ ሚርዲዲንኪንጋቲ ጁዋርንዳ ሳሊ ጋቦሪ ነው። ሚርዲዲንኪ በቤንቲንክ ደሴት ደቡብ በኩል ያለች ትንሽ ወንዝ ናት፤ «ንጋቲ» የምትለዋ ቅጥያ ደግሞ «እዚያ የተወለደ» ማለት ናት። ጁዋርንዳ ዶልፊን ነው፣ ከእሷ ጋር የተዛመደው እንስሳ። በሕዝቧ በካያዲልቶች ዘንድ ስም እንዲህ ነው የሚወጣው። እኛ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን፤ እነሱ ዘንድ ግን እትብቱ የተቀበረበት ቦታ ራሱ ስም ሆኖ ዕድሜ ልክ ይጠራል። አንዲትን ሴት በስሟ ስትጠራት ወንዟን ጠራህ ማለት ነው።

ቤንቲንክ በሰሜን አውስትራሊያ፣ በካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ፣ በኩዊንስላንድ በኩል ያለች ዝቅ ያለች ደሴት ናት። ሳሊ የተወለደችው በ1924 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ሴቶች የድንጋይ ካብ ዓሣ ማጥመጃዎችን ይጠብቁ ነበር። ከባሕሩ ዳር እየተካበ የሚሠራ ዝቅተኛ ግንብ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ካቡን ውጦ ዓሣውን ያስገባል፣ ሲጎድል ውሃው ይሾልክና ዓሣው ከካቡ ወዲህ ይቀራል። ማዕበል ድንጋዩን በየጊዜው ይንደው ነበር፤ ሴቶቹ በየጊዜው መልሰው ይክቡት ነበር።

በ1948 አውሎ ነፋስና የባሕር ሙላት መጣ። የጨው ውሃው የሚጠጣውን ውሃ አበላሸው። በደሴቲቱ የቀሩት 63 ሰዎች፣ ሳሊና ቤተሰቧም ጭምር፣ ወደ ሞርኒንግተን ደሴት ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ተወሰዱ። ትልልቆቹ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሰፈሩ። ልጆቹን ከወላጆቻቸው ነጥለው አዳሪ ቤት አስገቧቸው፤ በቋንቋቸው እንዳይናገሩም ከለከሏቸው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን አንዲት የሃያ አራት ዓመት ሴት ብቻ ነው የምታየኝ፤ በጀልባ እየራቀች ዝቅ ያለችው ደሴቷ ከውሃው ጋር እኩል ሆና እስክትጠፋ ዞራ ስታያት። «ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር፣ ቢበላ መቅመቆ፣ ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ» የሚለውን አባቶቻችን ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ይመስለኛል። ካያዲልቶች ለምድራቸው ሲታገሉ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። በ1990ዎቹ ቤንቲንክ ላይ ኒኚልኪ የምትባል ትንሽ ሰፈር ተሠርታ አንዳንድ አረጋውያን መመለስ ቻሉ።

ሳሊ ብሩሽ የያዘችው በ2005 ነው፤ ዕድሜዋ ሰማንያ ገደማ። ሞርኒንግተን ደሴት ላይ ባለው የጥበብ ማዕከል፣ የሚሸመነውንና የሚታታውን በምትሠራበት ቤት፣ ቀለም ቀረበላት። ሕዝቧ በሸራም ሆነ በቅርፊት ላይ የመሣል ልማድ አልነበረውም፤ ስለዚህ የምትከተለው ፈር፣ የምትደግመው ምልክት አልነበራትም። በብዙ የበረሃ ሠዓሊዎች ሥራ ላይ የምናውቃቸው ነጠብጣቦች በእሷ ሸራ ላይ የሉም። ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ ሌላ ቀለም ትጨምርበታለች። ነጩ እርጥቡን ቀይ እየጎተተ ሲሄድ ሮዝ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነጩ ገብቶ አመድማ ይሆናል። ያን ቀን በስልኬ ፎቶ ያነሣሁት ሮዝ እንዲህ የተወለደ ነው። ዛሬ መልሼ ሳየው ድንበሩ ያልለየ መሬትና ውሃ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ የሚጠፋ፣ ሲጎድል የሚመለስ ካብ ነው። ቅርጽ የለውም ያልኩት ነገር ቅርጹ የሚመጣና የሚሄድ ቦታ ኖሯል።

እስክትሞት፣ እስከ 2015፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሥዕል ሠራች። ከሞተች በኋላ በ2022 ፓሪስ ላይ ትልቅ ትርኢት ቆመላት።

የዲቢርዲቢ ባለቤት

አሁን ወደ እሾሁ ልምጣ። ከሁለት ሺህ በላይ በሆኑት ሥዕሎች ውስጥ እየተመላለሱ የሚመጡት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ሚርዲዲንኪ፣ እሷ የተወለደችበት። ቱንዲ፣ የአባቷ። ማካርኪ፣ የወንድሟ። እና ዲቢርዲቢ።

ዲቢርዲቢ የባሏ አገር ነው። የፓት ጋቦሪ።

ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ስሜቴ እፎይታ ነበር፤ ለእናቴ የምነግራት መልስ ተገኘ። ትንሽ ወረድ ስል ግን ስለ ፓት የተጻፈ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የካያዲልቶችን ቋንቋ አቀላጥፈው ከሚናገሩት የመጨረሻ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ለቋንቋ ተመራማሪ አስተማሪ የሆነ፣ የሕዝቡን ሕግና ወግ የሚያውቅ ሽማግሌ። እና ዐይነ ስውር ነበር። ሚስቱ ብሩሽ ስትይዝ ብርሃኑን ካጣ ዐሥርት ዓመታት አልፈውት ነበር።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ልጄ ክንዴ ላይ ተኝታለች፤ እጄ ደንዝዟል፣ ግን አላነሣሁትም።

ሰማንያ ዓመቷ ነው። ከደሴቷ ከወጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የባሏን አገር ትሥላለች፣ ደጋግማ ትሥላለች፣ ከራሷ ቁመት በሚበልጥ ሸራ ላይ ትሥላለች፤ ባሏ ግን አንዱንም አያይም። እንግዲያው ሥዕሉ ለማን ነው? ሥዕል ማለት ለሚያይ ሰው የሚሠራ ነገር ነው ብዬ ነበር የማምነው። እኔ እንዳየው፣ ጋለሪው እንዲሰቅለው፣ የፓሪስ ሰው እንዲደነቅበት። ለዚህም ነበር «ዝም ብሎ ቀለም ነው» ያልኩት፤ ለእኔ ዐይን የሚነግረው ነገር ስላልነበረው።

ብዙ ሌሊት ይህን ሳመላልስ ከረምኩ። አንዱ ሐሳቤ፣ ለእሱ ዐይን የሆነችለት መሰለኝ። ወዲያው ግን አይሆንም አልኩ። ዲቢርዲቢን ከእሷ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው፤ አገሩ ነው። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። የማያይ ሽማግሌ አገሩን በዐይኑ አይደለም ይዞት የኖረው፤ በቃላት፣ በዜማ፣ በስም ነው። እሷ ያደረገችው ነገር፣ አሁን እንደሚገባኝ፣ ማሳየት አይደለም። መጥራት ነው። እያንዳንዱ ሸራ የአንድ ሰው ስም ነው። የባል፣ የአባት፣ የወንድም። እኛ አገር ማለት ሰው ነው ስንል ለወግ ያህል ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እሷ ግን ቃል በቃል ኖራዋለች። የቦታዎቿ ዝርዝር የቤተሰቧ ዝርዝር ነው።

እናቴ የሙታንን ስም በወረቀት አስጽፋ ለቄሱ የምትሰጥበት ቀን ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ወረቀቷን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ በሕፃንነቱ የሞተው አጎት፤ ስም እንዳይዘለል ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። አንድ ዓመት «ይህንንስ ባለፈው ጽፈነው የለ?» ብላት በጣም አዘነችብኝ። «ስም ይደገማል እንዴ?» አለችኝ። ሳሊ ዲቢርዲቢን ለምን ደጋግማ እንደሣለች የገባኝ በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው።

ከባሕር የወጣ የሚጠጣ ውሃ

ዲቢርዲቢ የቦታ ስም ብቻ አይደለም። በካያዲልቶች ትረካ ዲቢርዲቢ በዓለት መሀል የሚኖር የትልቅ ዓሣ መልክ ያለው ቀደምት ፍጡር ነው፤ በባሕሩ ውስጥ እየሄደ ደሴቶቹንና መተላለፊያዎቹን የሠራ። በመጨረሻ ተያዘና ተበላ። ጉበቱ የተጣለበት ቦታ፣ ስዊርስ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ላይ፣ የሚጠጣ ውሃ ሆኖ ፈለቀ ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። እነዚያን 63 ሰዎች ከአገራቸው ያስወጣው የሚጠጣው ውሃ በጨው መበላሸቱ ነው። እምነታቸው ደግሞ ከጨው ባሕር የመጣ አካል የሚጠጣ ውሃ እንደሆነ ይናገራል። ባሕሩ የወሰደውን ባሕሩ ሰጥቶት ነበር ማለት ነው። ሳሊ ዲቢርዲቢን ስትሥል የባሏን መሬት ብቻ አይደለም የምትሥለው፤ ውሃ የፈለቀበትን ተአምርም ነው። እኔ በጠበል ያደግሁ ሰው ነኝ። ከዓለት ሥር የሚወጣ ውሃ ስም እንዳለው፣ ባለቤት እንዳለው፣ ጫማ አውልቀው እንደሚቀርቡት ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም። የእነሱ እምነት ከእኔ ጋር አንድ ነው አልልም፤ አይደለምም። ግን ጫማዬን የት ማውለቅ እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በልጄ ጋሪ ጎማ እየተንኳኳሁ ባለፍኩበት ወለል ላይ።

ሚሲዮኑ ልጆቹን ከቋንቋቸው ሲለይ የለያቸው ከዚህ ሁሉ ነው። ያ ቋንቋ ቦታን በቀኝና በግራ አያመለክትም፤ ሁሉም ነገር በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጠህ አጠገብህ ላለው ሰው እንኳ «ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጠጋ በል» ነው የምትለው። እንዲህ የሚናገር ሰው የትም ቢወስዱት የቆመበትን ያውቃል። ሳሊ በዚህ ቋንቋ ኖራ በዚህ ቋንቋ አርጅታለች። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ ንግግሯ አለ፤ «ምድሬ ይህ ነው፣ ባሕሬ ይህ ነው፣ እኔ ማለት ይህ ነኝ» ትላለች። በ2007 እሷና ሌሎች ስድስት የካያዲልት ሴቶች አንድ ላይ ሆነው ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ሸራ ሣሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን ቦታ። «ዱልካ ዋርንጊድ» አሉት፤ የሁሉም ምድር። ያ ሥዕል ሜልቦርን ያለው ጋለሪ ንብረት ነው። እኔና እናቴ ከዝናብ የተጠለልንበት ያ ትርኢትም ስሙ ይኸው ነበር። ስገባም ስወጣም አላነበብኩትም።

ስልክ

እናቴ ጋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምደውለው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጉልበቷ። ከዚያ ልጄ ታወራታለች። ባለፈው እሑድ ስልኩን ከልጄ ተቀብዬ «እማዬ፣ ልጅቷን ይዘን የገባንበት የሥዕል ቤት ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«ያ ዝናብ የመታን ቀን? እንዴታ።»

«የማን አገር ነው ብለሽኝ ነበር።»

ዝም አለች። ከጀርባዋ ዶሮ ይሰማል።

«የባሏ ነው» አልኳት። «የሠራችው ባልቴት ናት፣ በሰማንያ ዓመቷ። የባሏ አገር ነው። እሱ ደግሞ ዐይነ ስውር ነበር።»

«እግዚኦ» አለች በቀስታ። ትንሽ ቆይታ፣ «ከአገራቸው ነቅለዋቸው ነበር?»

እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። ስለ ጎርፉ ነገርኳት፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ልጆቹ። ስለ ልጆቹ ስነግራት አንዴ «እንዲያው» አለች፣ ከዚያ ምንም አላለችም።

«ታዲያ ስትሠራው» አለች በመጨረሻ፣ «አጠገቧ ተቀምጦ ይነግራት ነበር፣ ወይስ እሷ ነበረች የምትነግረው?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ሳመላልሰው ይህ ወደ ልቤ አልመጣም። በሁለቱ መሀል ወሬ እንዳለ፣ በዚያ አቅጣጫውን በማይስት ቋንቋ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ባልቴት ከካቡ ወደ ሰሜን ምን እንዳለ ሲነጋገሩ አልታየኝም ነበር።

«ስሙን እንደገና በይልኝ» አለች።

«ዲቢርዲቢ።»

«ዲቢርዲቢ» አለች እናቴ። አንዴ ተሳሳተች። እንደገና አለችው፣ ቀስ አድርጋ፣ ፊደል ሳትዘል። «ዲቢርዲቢ።»